ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚደረገው ፍልሰት፦ እናስቁመው ወይስ እንዘጋጅለት?

ማለዳ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ትልልቅ ከተሞች በተወራ ቁጥር አንድ አባባል ይደጋገማል፦ «ሰው ከየአቅጣጫው እየጎረፈ ከተማውን አጣበበው»። ኪራይ ሲወደድ፣ ውሃ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋጋ ጥፋቱ ትናንት በመጣው ሰው ላይ ይለጠፋል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም ያው ነው፦ ገጠሩን አልሙ፣ ሰውም ባለበት ይቆይ።

ይሄ አነጋገር ያሳስበኛል። ከተማ አይጨናነቅም ማለቴ አይደለም። ግን ጥፋተኛ ለመፈለግ ስንቸኩል ዋናውን ጉዳይ የምናልፈው ይመስለኛል። ነገሩ ደግሞ ትንሽ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2009 ባወጣው ሪፖርት በገዛ አገራቸው ውስጥ ከቦታ ቦታ ተዛውረው የሚኖሩ ሰዎችን ወደ 740 ሚሊዮን ገምቷቸው ነበር። ድንበር ተሻግረው ከሚኖሩት አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ዜና የሚሠራው ግን በአብዛኛው ድንበር ስለተሻገረው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተም እንደዚያው ብታደርጉ አንምታታም።)

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የትልልቅ ከተሞች ሕዝብ ሲጨምር ምን ያህሉ በፍልሰት ነው? ደግሞስ ፍልሰትን ላስቁም ብሎ የተሳካለት አገር አለ ወይ?

ቆጣሪው

ማለዳ፣ ጥሩ ቦታ ነው የነካሽው። ሥራዬ ከሕዝብ ቁጥር ጋር ስለሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር።

አንድ ከተማ የሚያድገው በሦስት መንገድ ነው። ከሚሞተው የሚወለደው ሲበልጥ አንድ። ከሚወጣው የሚገባው ሲበልጥ ሁለት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ የከተማው ወሰን ሲሰፋ ወይም ዳር ያለ የገጠር ቀበሌ «ከተማ» ተብሎ ሲመዘገብ። እዚያ ያለው ሰው ከቤቱ አልተነሳም። ከተማው ነው ወደ እሱ የመጣው።

የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ጥናት ክፍል ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ግምት፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የከተማ ሕዝብ ጭማሪ 60 በመቶ ገደማው ከወሊድ የሚመጣ ነው ይላል። የቀረው ለፍልሰትና ለወሰን መስፋት የጋራ ነው። ይህ አማካይ ነው፤ አገር ከአገር በጣም ይለያያል። ቻይናን ብትወስጂ ወሊድ ዝቅተኛ ስለሆነ የከተሞቿ ዕድገት ከሞላ ጎደል በፍልሰትና በወሰን ለውጥ ነው። ሼንዠን በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ስትባል ትንሽ ቦታ ነበረች። በ2020 ቆጠራ 17.56 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረባት። ይህን ወሊድ ሊሠራው አይችልም።

ግን በ«ወሊድ» እና በ«ፍልሰት» መካከል ያለው መስመር እንደሚመስለው ጥርት ያለ አይደለም። ወደ ከተማ የሚመጣው በአብዛኛው ወጣት ነው። ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው። ይህ የሚያገባበትና የሚወልድበት ዕድሜ ነው። ልጁ ከተማ ውስጥ ሲወለድ በመዝገብ ላይ «የተፈጥሮ ጭማሪ» ተብሎ ይገባል። ስለዚህ ፍልሰት አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ደግሞ በልጆቹ በኩል ይቆጠራል። የፍልሰት ትልቁ ሥራ ቁጥር መጨመሩ ሳይሆን የከተማውን የዕድሜ አወቃቀር መለወጡ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ኋላ ሄደን ብናይ ደግሞ ያለ ፍልሰት ጭራሽ መኖር የማይችሉ ከተሞች ነበሩ። ለንደን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከሚወለድባት የሚሞትባት ይበልጥ ነበር። በሽታው፣ የቆሸሸው ውሃ፣ የሕፃናት ሞት። እንዲያም ሆኖ በ1801 ቆጠራ ወደ አንድ ሚሊዮን ደርሳለች። የሞላት ከየገጠሩ የመጣው ሰው ነው።

ሚዛን

እሺ፣ 60 በመቶው ወሊድ ይሁን። ቀሪው 40 በመቶ ግን ትንሽ ነው እንዴ? በየዓመቱ ለዚያ ሁሉ ሰው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ቧንቧ ማን ይዘረጋል?

ቆጣሪው

ትንሽ አይደለም። ትንሽ ነው አላልኩም። ያልኩት፣ ነገ ጠዋት አንድም ሰው ባይመጣ እንኳ ከተማው ማደጉን አያቆምም ነው። ትምህርት ቤቱና ቧንቧው ለማንኛውም ያስፈልጋሉ። በር ቢዘጋ ይቀራል ተብሎ የሚታሰበው ወጪ፣ አብዛኛው አይቀርም።

ቀያሹ

ልጆች፣ በከተማ ፕላን ሥራ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልናገር። ማስቆም ተሞክሯል። ደጋግሞ ተሞክሯል።

የኢንዶኔዥያዋን ጃካርታ እንውሰድ። አገረ ገዥው አሊ ሳዲኪን በ1970 ከተማዋን «ዝግ ከተማ» ብለው አወጁ። የሚመጣ ሰው ሥራና መኖሪያ እንዳለው ማሳየት ነበረበት። መመለሻ ትራንስፖርቱን የሚሸፍን መያዣ ገንዘብም ያስይዛል። መታወቂያ ያልያዘ ይታፈስ ነበር። ውጤቱስ? በ1971 ቆጠራ 4.6 ሚሊዮን ገደማ የነበረችው ከተማ በ1980 ቆጠራ 6.5 ሚሊዮን ሆነች። ሰውዬው ደካማ አስተዳዳሪ አልነበሩም። በከተማዋ ታሪክ ብዙ ከሠሩት ተርታ ይጠራሉ። ግን ሥራ ባለበት አገር ሰው ይሄዳል።

ደቡብ አፍሪካ ለጥቁሮች የይለፍ ወረቀት ሕግ ነበራት። እስር፣ መባረር፣ ሌሊት ቤት ለቤት ፍተሻ ነበረው። እስከ 1986 ቆየ። ሰው እየታሰረም እየተባረረም ተመልሶ ይመጣ ነበር። ሕጉ ትቶት የሄደው ነገር ከተሞቹ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል፦ ሠራተኛው ከሥራው ብዙ ኪሎሜትር ርቆ እንዲኖር የተደረገበት አሰፋፈር።

በእርግጥ ለተወሰነ ጊዜ የሠራው የቻይናው ነው። በ1958 የወጣው የነዋሪነት ምዝገባ፣ ሁኮው የሚሉት። የሠራበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። እህል በራሽን የሚታደልበት፣ ሥራም ቤትም መንግሥት የሚመድብበት ዘመን ነበር። ከተመዘገብክበት ከወጣህ የምትበላው የለም። ከ1978 በኋላ ገበያው ሲከፈት ያ ሰንሰለት ላላ፣ ሰውም ተነሳ። የከተማ ነዋሪው ድርሻ በ1978 ከነበረበት 18 በመቶ ገደማ በ2020 ወደ 64 በመቶ ወጣ።

አሁን ልብ በሉልኝ። በዚያው በ2020 የከተማ ሁኮው ያለው ሰው ግን 45 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በመሃል ያለው ሰው ከተማ ይኖራል፣ ከተማ ይሠራል፣ በወረቀት ግን የሌላ ቦታ ሰው ነው። ልጁን የሕዝብ ትምህርት ቤት ለማስገባት ይቸገራል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ልጁ ባደገበት ከተማ መፈተን የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ሄዱ። በ2010 ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ግምት እንዲህ ከወላጅ ተለይተው ገጠር የቀሩትን ልጆች 61 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል።

እንግዲህ ማገድ የሚያመጣው ይሄንን ነው። የሚመጣው ይመጣል። የሚለወጠው፣ ሲመጣ የሚኖረው መብት ነው።

ማለዳ

ጋሽ ቀያሹ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ 61 ሚሊዮን ልጅ ከአእምሮዬ አይወጣም። ይህንን «የከተማ ዕድገት ወጪ» ብሎ በሂሳብ መዝገቡ ላይ ያስገባው ሰው ይኖር ይሆን? ከተማው ሠራተኛውን ያለ ቤተሰቡ ነው የወሰደው። አስተዳደጉን፣ ጡረታውን፣ ሕመሙን መንደሩ ተሸክሞለታል።

የገጠር_ልጅ

ማለዳ የጠቀሰችውን ከመንደሩ ወገን ልይዘው።

ሰው ሲሄድ የሚቀረውን የሚጽፉት ሁሉ ሐዘን ብቻ ያደርጉታል። እውነት አለው። ጉልበት ያለው ይሄዳል፣ ሽማግሌና ሕፃን ይቀራል፣ እርሻ ላይ የሴቶች ሸክም ይበዛል። ግን ሌላም ገጽ አለ። በባንግላዴሽ ሰሜን፣ ራንግፑር በሚባለው አካባቢ፣ ከመኸር በፊት ያለው ወቅት የረሃብ ወቅት ነው። በ2008 ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ቤተሰቦች 8 ዶላር ተኩል ገደማ ሰጡ። የአውቶቡስ ትኬትና ለመንገድ የሚሆን ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው ለዚያ ወቅት ከተማ ሄዶ እንዲሠራ። ገንዘቡን ካገኙት ቤተሰቦች 22 በመቶው ያለዚያ የማይልኩትን ሰው ላኩ። በዚያ ምክንያት ሰው የላኩት ቤተሰቦች የምግብም የሌላም ፍጆታቸው በግልጽ ጨመረ። በጣም የነካኝ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ማንም ሳይከፍላቸው ብዙዎቹ በራሳቸው ተመልሰው መሄዳቸው ነው።

ሳይሄዱ የቀሩት ሥራ ስላልፈለጉ አልነበረም። ያቺ ትንሽ ገንዘብ ብትከስርስ ብለው ነው። ጠርዝ ላይ የሚኖር ሰው አንዴ ከተሳሳተ ልጆቹ ይራባሉ። ስለዚህ በጣም ደሃው ብዙ ጊዜ አይፈልስም። የሚፈልሰው ከእሱ ትንሽ የተሻለው ነው።

ከዚህ በመነሳት «ገጠሩን አልሙ፣ ሰው ይቀራል» የሚለውን እዩት። መንገድ ሲሠራ አውቶቡስ ይገባል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁ ስምንተኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛ ይደርሳል። ያን ከተማረ በኋላ የሚፈልገው ሥራ መንደር ውስጥ አለ? የገጠር ልማት ቢያንስ በመጀመሪያው ትውልድ ሰውን ያስነሳል። ይህን ስል ገጠር አይልማ እያልኩ እንዳይመስል። ይልማ፣ እዚያ ያለው ሰው ስለሚገባው ይልማ። ከተማን ለማስተንፈስ ተብሎ ሲሠራ ግን ዓላማውን ይስታል፣ ውጤቱንም ሲያጣ «አልሠራም» ተብሎ በጀቱ ይቆረጣል።

ሚዛን

ወንድሜ የገጠር_ልጅ፣ ያልከውን ከልብ እቀበላለሁ። ግን የምትዘሉት ነገር አለ።

ኢኮኖሚስቱ አርተር ሉዊስ በ1954 የጻፈው ንድፈ ሐሳብ የሚሠራው ፋብሪካ ሲኖር ነው። እርሻ ላይ ትርፍ የሆነው ጉልበት ወደ ኢንዱስትሪ ይሄዳል፣ ምርት ያድጋል፣ አገር ይለወጣል። ፋብሪካው ከሌለስ? ዛሬ ብዙ ከተሞች ፋብሪካ ሳይኖራቸው ነው የሚያድጉት። የመጣው ወጣት መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ይሸከማል፣ ይጠብቃል። ሃሪስና ቶዳሮ የተባሉት ኢኮኖሚስቶች በ1970 ያሉትም ይህንኑ ነው። ሰው የሚመጣው አሁን ያለውን ሥራ አይቶ ብቻ አይደለም፤ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርገውን ደሞዝ አይቶ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ መቶ ጥሩ ሥራ ብትፈጥር ከመቶ በላይ ሰው ይመጣና ሥራ አጡ ሊበዛ ይችላል።

እኔ ይዘጋ አልልም። ግን «ይምጡ እንጂ» ብሎ መተውም ጭካኔ ነው።

ቆጣሪው

ሚዛን፣ የሃሪስና ቶዳሮ ሐሳብ ጠንካራ ነው። እኔም አስተምረዋለሁ። ግን ሁለት ነገር ልጨምርበት።

አንደኛ፣ ተስፋ ሲጠፋ ሰው ይመለሳል። የዛምቢያን የመዳብ ቀበቶ፣ ማለትም መዳብ የሚወጣባቸውን ከተሞች እይ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአፍሪካ ፈጥነው ከሚያድጉት ከተሞች መካከል ነበሩ። የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ማዕድኖቹ ሠራተኛ ቀነሱ፣ የምግብ ድጎማ ተነሳ። በ1990ዎቹ ወደ እነዚያ ከተሞች ከገባው የወጣው በለጠ። ብዙ ቤተሰብ ወደ እርሻ ተመለሰ። ማንም አላስገደደውም። ሰው ምልክቱን ያነባል።

ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው ሰው «ሥራ የሌለው» አይደለም። ከመንደሩ ጋር ሲያነጻጽር አስልቶ ነው የቆየው። የእሱ ስሌት ከእኛ ሞዴል ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠነቅቃል።

ነርሷ

እኔ ከቆጣሪው የዕድሜ ነገር ልቀጥል። የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ስለምሠራ ይህን ጉዳይ በየቀኑ አስበዋለሁ።

ወጣት ሴቶች ወደ ትልቅ ከተማ ሲመጡ የሚወልዱት ልጅ ቁጥር ይቀንሳል። ትምህርት አለ፣ ሥራ አለ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ቅርብ ነው፣ ቤት ግን ጠባብና ውድ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ለሁሉም ጥሩ ይመስላል። እናት ትተርፋለች፣ ልጅ ይማራል። ነገሩ ገደብ ሲያልፍ ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። ሴኡልና ዙሪያዋ ከአገሪቱ መሬት 12 በመቶ ገደማ ነው። ከሕዝቧ ግማሽ የሚበልጠው እዚያ ይኖራል። በየዓመቱ ከሌሎች አውራጃዎች ወጣቶች ይመጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ዩኒቨርሲቲውም ጥሩ ሥራውም እዚያ ነው። ከመጡ በኋላ ግን ቤት መግዛት አይችሉም፣ ፉክክሩ ያደክማል፣ ጋብቻ ይዘገያል። በ2023 አገሪቱ በሙሉ በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ነበር የወሊድ መጠኗ። ሴኡል ብቻዋን 0.55። የወጡበት አውራጃ ወጣቶቹን አጣ፣ የገቡበት ከተማም ልጆቻቸውን አላገኘም።

በዚህ ላይ ፍልሰት መልካም ነው ብሎ ማለፍ አልችልም። ጥፋቱ ግን የልጆቹ አይደለም። አገሪቱ ሥራዋን ሁሉ አንድ ቦታ ከምራ ነው።

ማለዳ

እህቴ ነርሷ፣ ይህን በጣም ጠቃሚ ነገር ስላመጣሽ አመሰግናለሁ። ኮሪያ መሥሪያ ቤቶቿን ወደ ሌላ ከተማ አዛውራ አልነበር?

ነርሷ

አዎ፣ ሴጆንግ። በ2012 ተመሠረተች፣ ብዙ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሄዱ። ከተማዋም አድጋለች። ግን ከገቡባት ሰዎች ብዙዎቹ ከሴኡል የመጡ አልነበሩም። ከአጠገቧ ካለችው ከዴጆንና ከአካባቢዋ ነው የመጡት። የመንግሥት ሠራተኛውም አንዳንዱ ቤተሰቡን ሴኡል ትቶ ይመላለስ ነበር። መሥሪያ ቤት በአዋጅ ይነሳል። የትዳር ጓደኛ ሥራና የልጅ ትምህርት ቤት ግን በአዋጅ አይነሳም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። የሴኡል ከተማ ሕዝብ እየቀነሰ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ እንዴት ነው ግማሹ አገር እዚያ የሆነው?

ቀያሹ

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሴኡል ከተማ ወሰን ውስጥ ያለው ሕዝብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ሊጠጋ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ10 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ዙሪያዋን ያለው የጂዮንጊ አውራጃ ግን ከ13 ሚሊዮን አልፏል። ሰው ከመሃል ወደ ዳር ተገፍቶ ነው። የሜክሲኮ ሲቲም ታሪክ ይመሳሰላል። መሃሉ ሲሳሳ እንደ ኤካቴፔክ ያሉ የዳር ከተሞች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ይህም የአገር ውስጥ ፍልሰት ነው! ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄደውን ብቻ ፍልሰት የምንለው ልማድ ሆኖብን ነው። በትልልቅ ከተሞች ዛሬ ትልቁ እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከመሃል ወደ ዳር የሚደረገው ነው። ራቨንስታይን የተባለው ሰው በ1885 በእንግሊዝ የቆጠራ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሲጽፍ፣ አብዛኛው ሰው የሚሄደው አጭር ርቀት ነው፣ ለእያንዳንዱ ጉዞ በተቃራኒው የሚመለስም አለ ብሏል። እስከ አሁን ይሠራል።

ችግሩ የአስተዳደር ነው። የሥራ ገበያው አንድ ነው፣ ከንቲባው ግን ብዙ ነው። ዳር የሚኖረው ሰው መሃል ይሠራል። ግብሩ አንዱ ጋ፣ ልጁ ሌላው ጋ፣ አውቶቡሱ ሦስተኛው ጋ። ማንም ሙሉውን ሰው አያየውም። በአንድ ወሰን ውስጥ ያለውን ቁጥር እያዩ «ፍልሰት ቀነሰ» ብለው የሚያውጁ ባለሥልጣናት ገጥመውኛል። ቀንሶ አልነበረም፤ አጥሩን ተሻግሮ ነው።

ተጓዡ

ስለማይቆጠሩት ሰዎች ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳ።

በሕንድ የ2011 ቆጠራ ወደ 450 ሚሊዮን ሰው «ፍልሰተኛ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ አግብተው ወደ ቅርብ መንደር የሄዱ። በሌላ በኩል በዓመት ለጥቂት ወራት ሙምባይ ወይም ዴልሂ መጥቶ ግንባታ ላይ ሠርቶ የሚመለሰው ሰው በቆጠራው በደንብ አይታይም። ያን ቀን ቤቱ ከሆነ የመንደር ሰው ነው።

መጋቢት 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት የእንቅስቃሴ ገደቡ የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጥቶ ሲታወጅ ዓለም ሁሉ አየው። ሥራው ቆመ፣ አውቶቡስና ባቡር ቆመ፣ ሰዎች ልጅ አዝለው በመቶዎች ኪሎሜትር በእግር ሄዱ። ለምን ሄዱ? አንዱ ትልቅ ምክንያት፣ በድጎማ የሚገኘው እህል በተመዘገቡበት መንደር እንጂ በሚሠሩበት ከተማ አይሰጣቸውም ነበር። የእህል ድጎማ ካርዱን የትም ቦታ መጠቀም የሚያስችለው አሠራር በ2019 ተጀምሮ ነበር፤ ለሁሉም ግን አልደረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በመላው አገሪቱ የተዘረጋው።

ያቺን ከተማ በእጃቸው የገነቡ ሰዎች በከተማዋ መዝገብ ላይ የሉም። ይሄ እስከ አሁን ያናድደኛል።

የገጠር_ልጅ

ተጓዡ፣ ልክ ብለሃል። መብት ከቦታ ጋር ሲታሰር ሰውም አብሮ ይታሰራል። ወይም ሲሄድ ያጣዋል።

ተጓዡ

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር፣ አቀባበል ምን ያህል እንደሚወስን ስለሚያሳይ። ከ1910 እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜንና ምዕራብ ከተሞች ሄደዋል። በቺካጎ የጥቁሮች ቁጥር በ1910 ከ44 ሺህ ተነስቶ በ1970 ከ1.1 ሚሊዮን አለፈ። ሰፈሮቻቸው ተጨናነቁ፣ አንድ ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ይከራይ ነበር፣ ያውም በውድ ዋጋ። ያኔም «በዝተው መጡ» ተባለ። እውነቱ ግን የቤት ባለቤቶች ለጥቁር ላለመሸጥ ውል ይፈራረሙ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውል ማስፈጸም የከለከለው በ1948 ነው። ከተማው ሰፊ ነበር። ለእነሱ የተፈቀደው ሰፈር ነው ጠባብ የነበረው።

ሚዛን

ይህኛው አሳማኝ ነው። እንግዲያው ጋሽ ቀያሹን አንድ ነገር ልጠይቅ። «እንዘጋጅ» ማለት ቀላል ነው። ገንዘብ የሌለው ከተማ ምን አድርጎ ይዘጋጃል? ለሚመጣው ሁሉ ቤት ይሠራ?

ቀያሹ

አይሠራም፣ አይችልምም። መሥራትም የለበትም። ቤቱን ሰው ራሱ ይሠራል። ሰው ራሱ ሊሠራው የማይችለው ነገር አለ፦ መንገድ የሚያልፍበት ቦታ።

በ1811 የኒውዮርክ ቀያሾች የማንሃታን ደሴትን የመንገድ ንድፍ ሲያወጡ ከተማዋ 100 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነበራት፣ እሱም ደሴቱ ደቡብ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ። እነሱ ግን እስከ 155ኛ መንገድ ድረስ መስመር አሰመሩ። አብዛኛው ያኔ እርሻና ኮረብታ ነበር። ሰው በሚሊዮን ሲመጣ መንገዱ ቦታው ተይዞለት ነበር።

ያ ሀብታም አገር ነው ካላችሁኝ የፔሩን ዋና ከተማ ሊማን ላምጣ። በ1971 ከተማዋ ዳር ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች ባዶ መሬት ያዙ። ግጭት ነበር፣ ሰውም ሞተ። በመጨረሻ መንግሥት በደቡብ በኩል በረሃማ አሸዋ ላይ ቦታ ሰጣቸው። ቪላ ኤል ሳልቫዶር ተባለ። ሲሰጣቸው ቤትም ውሃም አልነበረም። አንድ ነገር ግን ነበር፦ ንድፍ። ቦታው በብሎክ በብሎክ ተቀይሶ፣ ለመናፈሻ፣ ለትምህርት ቤትና ለአነስተኛ ኢንዱስትሪ ቦታ ተለይቶ ነበር። ነዋሪው በሣር ምንጣፍ ግድግዳ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጡብ አደረሰው። ውሃና መብራቱ ሲመጣ ቧንቧው የሚያልፍበት ቦታ ስለነበረ የማንም ቤት መፍረስ አላስፈለገም።

ታንዛኒያ ደግሞ ንጽጽሩን ታሳየናለች። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በዓለም ባንክ እገዛ በተወሰኑ ከተሞች ሁለት ዓይነት ሥራ ተሠራ። በአንዳንድ ቦታ ባዶ መሬት ተቀይሶ፣ መንገድና ውሃ ገብቶለት ለሰው ተሰጠ፤ ቤቱን ራስህ ሥራ ተባለ። በሌላ ቦታ ደግሞ ቀድሞ ሰው የሰፈረበት የተፋፈገ ሰፈር ተሻሻለ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ሲያዩት፣ ቀድመው የተቀየሱት ሰፈሮች ቤታቸው ሰፋ ያለ፣ መንገዳቸው የተሻለ፣ ውሃና መብራትም በተሻለ የገባላቸው ሆነው ተገኙ። ዘግይቶ የተሻሻለው ግን ካልተነካው ሰፈር ብዙም አልራቀም።

ልብስ ሰፊ ለሚያድግ ልጅ ጠርዙን አጥፎ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል አይደል? ከተማም እንደዚያ ነው። ሰው ከሰፈረ በኋላ መንገድ ማውጣት ማለት ቤት ማፍረስ፣ ካሳ መክፈል፣ ፍርድ ቤት መካሰስ ነው። ከመስፈሩ በፊት ግን ችካልና ገመድ ነው።

ማለዳ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ግን ይህን የሚያደርጉት ከተሞች ጥቂት የሆኑት ለምን ይመስልዎታል? ርካሽ ከሆነ።

ቀያሹ

መዘጋጀት ማለት «ይመጣሉ» ብሎ ማመን ስለሆነ ነው። ብዙ አስተዳደር ካዘጋጀን እንጋብዛቸዋለን ብሎ ይፈራል። የዛሬ ሃያ ዓመት የሚጠቅም መስመር ደግሞ ለዛሬው ከንቲባ አይመረቅለትም። እና የዳር መሬት ላይ ሰው ገንዘቡን አስቀምጧል። መንገዱ የት እንደሚያልፍ መወሰን የአንዱን ዋጋ ያወጣል፣ የሌላውን ያወርዳል። ከእኔ ጋር የሠሩ ሁሉ ይህን ግፊት ያውቁታል።

ሚዛን

እሺ፣ ገንዘቡስ? ያላችሁት ችካልና ገመድም ባለቤት ላለው መሬት ካሳ ይፈልጋል።

ቆጣሪው

ሁለት ምንጭ አለ። አንዱ መሬቱ ራሱ ነው። ትናንት እርሻ የነበረ ቦታ መንገድ ሲደርስበት ዋጋው ይወጣል። ያን ጭማሪ ባለቤቱ ሳይለፋበት ነው የሚያገኘው። ከፊሉን በንብረት ግብር መመለስ ይቻላል። ጃፓንና ኮሪያ ደግሞ የመሬት ማስተካከል የሚባለውን ሠርተዋል። የአንድ አካባቢ ባለቤቶች መሬታቸውን በአንድ ላይ ያደርጋሉ፣ ለመንገድና ለመናፈሻ የሚሆነው ይነሳለታል፣ የቀረው ተቀይሶ ይመለስላቸዋል። የተመለሰላቸው በካሬ ያንሳል፣ በዋጋ ግን ይበልጣል።

ሌላው የማዕከላዊ መንግሥት በጀት ነው። ብዙ አገር በጀት የሚከፋፈለው በሕዝብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከአሥር ዓመት በፊት በተደረገ ቆጠራ ወይም በምዝገባ ላይ ከተመሠረተ፣ በመሃል የመጣው ሰው ገንዘቡ ያልመጣለት ሰው ነው። የሚማርበት ክፍል፣ የሚታከምበት አልጋ ሳይመደብለት ይመጣል። ከዚያ መጨናነቁ በእሱ ይሳበባል። የገጠር ቀበሌው ደግሞ ለሄደ ሰው በጀት ይቀበላል። አሥር ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። በየጊዜው በሚደረግ የናሙና ጥናት ላይ «ከዓመት በፊት የት ይኖሩ ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትገባ ብዙው ይታያል። «የት ተወለዱ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የመጣውንና ባለፈው ወር የመጣውን አንድ ያደርጋቸዋል።

ነርሷ

እኛ ጋ ቁጥሩ ይታያል። የክትባት መዝገብ ላይ በድንገት የሕፃናት ቁጥር የሚጨምርበት የዳር ሰፈር አለ። ክትባቱ ግን በአሮጌው ዕቅድ ነው የሚላከው። እናትየው «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ትባላለች። የቆጣሪው ጥያቄ በጤና መዝገቦችም ላይ ቢገባ ደስ ይለኛል።

አዲስ_ገቢ

በጣም ብዙ ተማርኩ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሽ ቀያሹ፦ አንድ ትንሽ በጀት ያለው ከተማ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ቢችል ምን ይሥራ ይላሉ?

ቀያሹ

በሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ሊደርስበት በሚችለው አካባቢ ሁሉ ዋና ዋና መንገዶችን ካርታ ላይ ያስምር። በአንድ ኪሎሜትር ርቀት አንድ፣ ስፋቱ 30 ሜትር። አውቶቡስ፣ የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ቱቦ ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ነው። አስፋልቱ ይቆይ። ቦታውን ግን ሕጋዊ አድርጎ ይያዝ፣ ካሳውን ይክፈል፣ ዛፍ ይትከልበትና ይጠብቀው። ውስጥ ለውስጥ ያለውን ጥቃቅን መንገድ ሰዎቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ማለዳ

ስለ ንብረት ግብሩና ስለ መሬት ማስተካከሉ ገና ብዙ የምጠይቀው አለኝ፤ በተለይ ተከራዩ ከዚያ ውስጥ ምን ያገኛል የሚለውን። ክሩ ስለረዘመ ነገ ሌላ እከፍታለሁ። ሚዛን፣ ቆጣሪው፣ ጋሽ ቀያሹ፣ እዚያ እጠብቃችኋለሁ። ነርሷም የክትባቱን ነገር ዘርዘር አድርገሽ እንድትጽፊልን እለምንሻለሁ።